ከምናለሽ ተራ እስከ ሳሎን፦ ቤትን ባገለገለ ዕቃ የማስዋብ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሶፋ ነው። የኤል ቅርጽ ያለው ሶፋ፣ ከነመስታወት ጠረጴዛውና ከነቴሌቪዥን ማስቀመጫው በአንድ ቀን ተገዝቶ በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ጓደኛም ጎረቤትም ያንኑ ስለገዛ ሳሎኖቻችን ሁሉ ወንድማማች መስለዋል። ጥቂት ዓመት ሲቆይ ቺፕውዱ ከሥሩ ያብጣል፣ ቆዳ የተባለው ይላጣል። በዚህ መሐል የእናት የዋንዛ ቡፌ «ቦታ ያዘ» ተብሎ ለቁራሌው በማይረባ ዋጋ ተሰጥቷል።

ይህ ጽሑፍ በተቃራኒው መንገድ መሄድ ለሚፈልግ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንስማማ፤ አሮጌነት ብቻውን ዋጋ የለውም። ብዙ አሮጌ ዕቃ ድሮም መጥፎ ነበር፣ አሁንም መጥፎ ነው። የምንፈልገው በደንብ የተሠራና ገና ሥራ የሚችለውን ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ያንን ከሌላው ለይቶ ማግኘት፣ ማዳንና ቦታ መስጠት ነው።

መጀመሪያ ሜትር

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቤታችሁን ለኩ። የክፍሉ ርዝመትና ስፋት አይበቃም፤ የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን መታጠፊያ፣ ከመስኮቱ በታች ያለውን ቁመትም ያዙ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህ ከማንም በላይ ይመለከተዋል። ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም፣ ደረጃቸውም ጠባብ ነው። የድሮ ቁምሳጥን ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲፈታታ ተደርጎ አልተሠራም። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ከቀረ ለማውጣት የከፈላችሁትን ያህል ለማውረድ ትከፍላላችሁ።

ልኬቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ የክፍሉንም ፎቶ ከአራቱም ማዕዘን አንሱ። ቀጥሎ የጎደላችሁን ዝርዝር ስታወጡ የዕቃውን ስም ትታችሁ የሚሠራውን ሥራ ጻፉ። «ቡፌ» ከማለት «ሰሃንና ብርጭቆ የሚቀመጥበት» በሉ። «የሶፋ ጠረጴዛ» ከማለት «ሲኒ የሚያርፍበት ዝቅ ያለ ነገር» በሉ። እንዲህ የጻፈ ሰው ገበያ ላይ ዓይኑ ይከፈታል፤ ከመሥሪያ ቤት የወጣ የፋይል መደርደሪያ የሰሃን ቤት፣ የአያት ሳንዱቅ ደግሞ የሶፋ ጠረጴዛ ሆኖ ይታየዋል። ዝርዝር ሳይዝ የወጣ ግን ደስ ያለውን ሁሉ ሸክፎ ይመለስና ቤቱን መጋዘን ያደርገዋል።

ከሩቅ በፊት ከቅርብ

ብር ከማውጣታችሁ በፊት የወላጆቻችሁን፣ የአክስትና የአጎት ዕቃ ቤት ጠይቁ። በየቤቱ ከጣሪያ ሥር፣ ከአልጋ በታች፣ ከማዕድ ቤት ኋላ የተደበቀው ነገር ያስገርማል። ክዳኑ የጠፋ ሞሰብ፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ ጠፍሩ የላላ አልጋ፣ በእጅ የተሠራ ዳንቴል፣ ቀለሙ የለቀቀ የቆርቆሮ ሣጥን ታገኛላችሁ። የጅማውን በርጩማ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፣ ሦስት እግር ስለሆነም ወለሉ ባይስተካከል እንኳ አይንገዳገድም። መቀመጫም፣ የአልጋ አጠገብ ጠረጴዛም፣ የአበባ ማስቀመጫም ይሆናል።

ሲጠይቁ አጠያየቅ አለ። «ይሄን አሮጌ ነገር ልጣልላችሁ?» ያለ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እናት የተናቀባትን ዕቃ አትሰጥም። «እማዬ፣ ይሄን ሞሰብ እኔ ቤት ባስቀምጠው ምን ይመስልሻል?» ማለት ይሻላል። ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ፣ ለየትኛው ሠርግ እንደተገዛም ጠይቁና በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከዕቃው ሥር ለጥፉት። ወንድምና እህት ካላችሁ ደግሞ ከመውሰዳችሁ በፊት ንገሯቸው። ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሣጥን አንዱ ሲወስደው በድንገት የሁሉም ትዝታ ይሆናል።

የት ይገኛል

ከየሰፈሩ ቁራሌው የሚሰበስበው ብዙው ዕቃ የሚያርፈው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ የተሰበረም ያልተሰበረም ይለያል፣ ይጠገናል፣ ይሸጣል። የተጌጠ ሱቅ አትጠብቁ። የብረት አልጋ ራስጌ፣ የድሮ ፋኖስ፣ የልብስ ስፌት መኪና እግር፣ የናስ እጀታ፣ ከባድ ማጠፊያ የመሳሰለውን የሚያገኝ ግን የሚቆፍር ሰው ነው። በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ ከተቻለ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። እሑድ መርካቶ ብዙው ዝግ ነው። ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ፣ የተዘጋ ጫማ አድርጉ፤ መሬቱ ስለት የሞላበት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው ጨረታ ነው። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ድርጅቶች ያገለገሉ ጠረጴዛዎች፣ ወንበሮችና መደርደሪያዎች በሐራጅ ወይም በታሸገ ጨረታ ያስወግዳሉ፤ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሰነድ መግዛትና የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ ማስያዝ ይጠየቃል። ንብረቱ የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ስለሆነ በተፈቀደው የመጎብኛ ቀን ሄዶ ማየት ግዴታ ነው። ችግሩ በጅምላ መሸጡ ነው፤ ለአንድ ወንበር ብላችሁ ሠላሳ ልትሸከሙ ትችላላችሁ። ሦስት አራት ቤተሰብ ተባብሮ ቢገባበት ግን ከዚህ የረከሰ ጠንካራ እንጨት አላውቅም። የድሮ የቢሮ ጠረጴዛ ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ሲያገኝ የመመገቢያ ጠረጴዛ ይወጣዋል።

ሦስተኛው፣ አገር ለቀው የሚሄዱ የውጭ ዜጎች ሽያጭ ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫና የብዙ ኤምባሲዎች ከተማ ስለሆነች በተለይ በቦሌ፣ በሳር ቤትና በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ውል የጨረሰ ሠራተኛ ዕቃውን ጊቢው ውስጥ ዘርግቶ ይሸጣል። መብራት፣ ምንጣፍ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያና የሥዕል ፍሬም እዚህ ጥሩ ነው። ሁለት ጥንቃቄ አለ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥ ይመለከተዋልና ትልልቅ ዕቃ ስትገዙ ሻጩ ይህን መጨረሱን ጠይቁ። ከአሜሪካ የመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ በ110 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ ሶኬት ላይ አትሰኩ።

የቴሌግራም ቻናሎች አሉ፣ ይጠቅማሉም፤ ግን ዕቃውን በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ከፈረሰ ቤት የሚወጣ በርና መስኮት ሌላው ጥሩ ምንጭ ነው። ፒያሳን ጨምሮ የድሮ ሰፈሮች ሲነሡ ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ ወፍራም ጣውላ ወጥቷል። ቸርችል ጎዳና ያሉትን የ«ጥንታዊ ዕቃ» ሱቆች በተመለከተ ግን አስተያየቴ ቀዝቃዛ ነው፤ በጭስና በጫማ ቀለም ያረጀ አዲስ ዕቃ በዕድሜ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ደስ ካላችሁ ግዙት፣ ለአሮጌነቱ ግን አትክፈሉ።

በውጭ አገር ሆናችሁ ለምታነቡት ነገሩ ይቀላል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ጉድዊልና ሳልቬሽን አርሚ፣ እስራኤል ያላችሁ የያፎው ያገለገለ ዕቃ ገበያ አለላችሁ፤ አውሮፓም በየከተማው የእሑድ የመንገድ ገበያ አይጠፋም። የምትፈልጉት ጠንካራ ግን ዝምተኛ ዕቃ ይሁን። ቀለል ያለ የእንጨት መደርደሪያ፣ ረጋ ያለ ወንበር ይበቃል፤ ከአገር ቤት የመጣው ሞሰብና ጥልፍ ያንን ቤት የእናንተ ያደርገዋል።

ገልብጦ ማየት

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ገንዘብ የሚጠፋውም የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ከፊት አትጀምሩ። ሻጩ የወለወለው ፊቱን ነው። ገልብጡት፣ ጀርባውን እዩ፣ መሳቢያውን አውጥታችሁ ሥሩን ዳስሱ።

እንጨት መሆኑን የሚነግራችሁ ጠርዙ ነው። የእንጨቱ መስመር ከላይኛው ገጽ ተነሥቶ ወደ ጠርዙ ከቀጠለ ወጥ ጣውላ ነው። ጠርዙ ላይ መስመሩ ተቋርጦ ሌላ ነገር ከታየ በላዩ ስስ ልባጥ ተለጥፎበታል ማለት ነው። ልባጥ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ከሥሩ ኮምፔርሳቶ ካለ ዕድሜ አለው። ከሥሩ ቺፕውድ ከሆነና እግሩ አካባቢ የመወልወያ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ግን ተዉት፤ ያበጠ ቺፕውድ ተመልሶ አይሟሽሽም፣ ብሎንም አይዝም።

ዓይነቱንም ለመለየት ሞክሩ። ዋንዛ ቡናማ፣ አንዳንዴ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ከመልኩ ይልቅ ቀለል የሚልና ለአናጢ የሚመች ነው። ጥድ ሲፋቅ ይሸታል፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ዝግባ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል፣ መስመሩም የጸዳ ነው። ወይራ ሲያነሡት ይከብዳል። ከተቀባ ቀለም ሥር ምን እንዳለ ለማወቅ የመሳቢያውን ውስጥ ወይም የጠረጴዛውን ሆድ እዩ፤ እዚያ ማንም ቀለም አያባክንም።

ከዚያ ወዝውዙት። ወንበር ከሆነ ተቀመጡበትና ወደ ጎንም ወደ ኋላም ተነቃነቁ። መጋጠሚያው ላልቶ የሚንቀጠቀጥ ወንበር ይጠገናል፤ እግሩ በአግድሙ የተሰበረ ግን ብዙ ጊዜ አይድንም። መሳቢያው ማዕዘን ላይ በጥርስ የተያያዘ ከሆነ አናጢው የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በሁለት ምስማር ብቻ ከተያዘ ዋጋውን ቀንሱ።

ነቀዝ ዋና ጠላት ነው። የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ክብ ክብ ነጥቦች ካያችሁ ዕቃውን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ በመዶሻ እጀታ አንኳኩት። እንደ ዱቄት የላመ ትኩስ ብናኝ ከረገፈ ነቀዙ በሕይወት አለ። ቀዳዳው ጠቁሮ፣ ብናኝ ካልወጣውና እንጨቱም በጥፍር ሲጫኑት ካልሰመጠ ያለፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ቤት አስገብታችሁ ሌላ እንጨት አጠገብ ከማድረጋችሁ በፊት ጥቂት ሳምንት ለብቻው አቆዩት።

ጨርቅ ያለበትን ዕቃ በባትሪ መብራት ፈትሹ። የሶፋው ስፌት፣ ከትራሱ ሥር ያለው እጥፋት፣ የአልጋው መጋጠሚያ ላይ እንደ ቀለም ጠብታ ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ትኋን ነው። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፣ ዋጋውም ቢረክስ ሂዱ። ያገለገለ ፍራሽ በፍጹም አትግዙ። ሶፋ ከገዛችሁ ደግሞ ለማዕቀፉ ብቻ ነው የምትከፍሉት፤ ስፖንጁና ጨርቁ ተጥሎ በአዲስ እንዲለበስ አስቡት።

ብረት ላይ ዝገት ካያችሁ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን አድርጉት። ከላይ ብቻ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ ጫፉ ከገባ ብረቱ ተበልቷል። ሽፋኑ የተሸረፈ የኢናሜል ሳህንና ውስጡ ያልተለበጠ የድሮ መዳብ ግድግዳ ላይ ያምራሉ፣ ምግብ ግን አይቀርብባቸውም። የድሮ መብራት ቅርጹን ይዛችሁ ሽቦውን፣ ስፒናውንና አምፖል መያዣውን በአዲስ አስቀይሩ፤ ጎማው የደረቀ ሽቦ እሳት ነው። የሲንጀር ስፌት መኪና ካገኛችሁ አካሉ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ጻፉት፤ የተሠራበትን ዘመን በቁጥሩ ማወቅ ይቻላል። መኪናው ባይሠራም የብረት እግሩ ላይ ጣውላ ቢያርፍበት የሚያምር ጠረጴዛ ይሆናል።

አንድ ልመና፦ የሙዚቃ ሸክላ ካገኛችሁ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፣ በምስማርም አትብሱ። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት አምሃ ሪከርድስና የዘመኑ ሌሎች አሳታሚዎች ያወጧቸው ሸክላዎች ዛሬ በዓለም ሰብሳቢዎች የሚፈለጉ ናቸው። ለጌጥ ከፈለጋችሁ ሽፋኑን ፍሬም ውስጥ አስገቡ፣ ሸክላውን በቁሙ አቁማችሁ አስቀምጡ።

የማይገዛ

የብራና መጽሐፍ፣ ታቦት፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ የድሮ ሥዕለ አድኅኖ ይዞ በጎን የሚቀርባችሁ ሰው ካለ ጥላችሁ ሂዱ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስም የሚመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር የማይወጣ እንዲሆን ደንግጓል። ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለው ዕቃ ከገዳም ወይም ከደብር የተሰረቀ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በውርስ እጃችሁ የገባ ካለ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። ከአገር ቤት የድሮ ዕቃ ይዛችሁ ለመውጣት ያሰባችሁም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደርሶ ማስረዳት አያዋጣም።

ዋጋና ጭነት

የዕቃው ዋጋ ሻጩ የጠራው አይደለም። ለመኪና፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለአናጢ፣ ለቫርኒሽና ለጨርቅ የሚወጣውን ደምሩበት። ድምሩ ተመሳሳይ አዲስ ዕቃ ከሚያወጣው ሁለት ሦስተኛ ካለፈ እኔ አልገዛም፤ ከቤተሰብ የመጣ ካልሆነ በቀር። ስትከራከሩ ጉድለቱን በእጃችሁ እያሳያችሁ ይሁን፤ ዕቃውን ማናናቅ ሻጭን ያስቆጣል እንጂ ዋጋ አያወርድም። «ማጠፊያው ተነቅሏል፣ ለአናጢ ይሄን ያህል እከፍላለሁ» ማለት ግን መልስ የለውም።

ጫኝና አውራጅን በተመለከተ ዋጋውን ዕቃው ከመኪና ከመውረዱ በፊት፣ እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነም ጠቅሳችሁ ተስማሙ። በር ላይ የሚጀመር ድርድር ሁልጊዜ በባለቤቱ ላይ ነው የሚያልቀው።

ማጽዳትና መጠገን

ዕቃው እንደመጣ ወደ ሳሎን አታስገቡት። በረንዳ ላይ ወይም ጊቢ ውስጥ ይደር። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ ቀጥሎ ላርጎ ጠብ ባለበት ለብ ያለ ውኃ ተነክሮ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ፣ ወዲያው በደረቅ አድርቁ። እንጨት ላይ ውኃ አታፍሱ። ብዙ ጊዜ ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው የለም፤ የብዙ ዓመት የከሰል ጭስና የእጅ ቅባት ሲለቅ ከሥሩ የሚወጣው ቀለም ቫርኒሽ ከሚሰጠው ይበልጣል። ስለዚህ ሳታጸዱ ለመፋቅ አትቸኩሉ።

መጋጠሚያ ከላላ ምስማር አትምቱበት። የድሮ ወንበሮችን የገደለው ምስማር ነው። መጋጠሚያውን አላቁት፣ የደረቀውን የድሮ ኮላ ፍቃችሁ አውጡ፣ አዲስ የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ ግጠሙት፣ ዙሪያውን በገመድ አስራችሁ በእንጨት ቁራጭ እያዞራችሁ አጥብቁና እስከ ማግሥቱ ተዉት። ትንሽ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ሰጋቱራ በኮላ ለውሳችሁ ድፈኑ፤ ከዚያው እንጨት የወጣ ሰጋቱራ ከሆነ ቀለሙም ይቀራረባል። ቀለም የሚቀባ ዕቃ ከሆነ ስቱኮ ይበቃል።

መፋቅ ካስፈለገ በሻካራው ጀምራችሁ በለስላሳው ጨርሱ፦ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ ከዚያ 120፣ በመጨረሻ 220። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ እንጂ አቋርጣችሁ አትፈግፍጉ። የድሮ ቀለም ላይ ግን ሌላ ሕግ አለ። በፊት የተሠሩ ቀለሞች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዙ ይችላሉ፤ ብናኙ በተለይ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በደረቁ አትፈግፍጉ። ውጭ፣ ጭንብል አድርጋችሁ፣ ገጹን እያረጠባችሁ ሥሩ፤ የረገፈውን ጠቅልላችሁ ጣሉ። ቀለሙ ካልተላጠ ከነነፍሱ ትቶ በላዩ አዲስ መቀባት ይሻላል።

ለማጠናቀቂያ ሁሉም ሰው የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይወዳል። እኔ የንብ ሰም እመርጣለሁ። ለጧፍ የሚሸጠውን ንጹሕ ሰም አንድ እጅ፣ የተልባ ዘይት ሦስት እጅ ወስዳችሁ፣ ድብልቁን የያዘውን ዕቃ የፈላ ውኃ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ አቅልጡት፤ ቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። ሲበርድ እንደ ቅባት ይሆናል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጥቂት ቆይታችሁ የተረፈውን ጥረጉ፣ በማግሥቱ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ። የምግብ ጠረጴዛ ግን ትኩስ ሰሃንና ውኃ ስለሚያርፍበት ቫርኒሽ ያስፈልገዋል። ልብ በሉ፤ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጣሉት።

ሞሰብ፣ አገልግልና ሙዳይ ውኃ ውስጥ አይነከሩም። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፏቸው፣ ቆሻሻው ግትር ከሆነ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ አብሱ፣ ከዚያ በጥላ ሥር አድርቁ። ፀሐይ የአለላውን ቀለም ይመጠዋል። የሱፍ ባናና የድሮ ምንጣፍ ብል ካለበት በፕላስቲክ አሽጋችሁ ቦታ ካለ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አቆዩት፤ ከዚያ አራግፉት። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ሙሉው ቢያልቅ እንኳ ጥበቡ ብዙ ጊዜ አይሞትም። ቆርጣችሁ የትራስ ልብስ ጠርዝ ላይ አሰፉት ወይም በፍሬም ውስጥ አድርጉት። ተጨማሪ ጨርቅ ከፈለጋችሁ የሽሮ ሜዳ ገበያ አለላችሁ።

ቦታ መስጠት

አሁን ፈተናው መብዛት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ዓይን የሚስብ አንድ አሮጌ ዕቃ ይበቃል፤ ሌላው ዝም ይበል። የተቀረጸ ቡፌ ካለ ከላዩ ሦስት ጀበና፣ ፋኖስ፣ ሬዲዮና የከበሮ ሰልፍ አታቁሙበት። እንዲህ ያለው ሳሎን የባህል ምግብ ቤት ይመስላል፤ እንግዳ ሜኑ ይጠብቃል።

የተለያየ ቦታ የመጡ ዕቃዎችን አንድ ቤተሰብ የሚያደርጋቸው የሚደጋገም ነገር ነው። አራት የማይመሳሰሉ ወንበሮች አንድ ዓይነት ጨርቅ ያለው ትራስ ሲያገኙ ይግባባሉ። የናስ እጀታ ቡፌው ላይ ካለ፣ ናስ የመሰለ መብራትና ትንሽ ፍሬም ሌላ ጥግ ላይ አድርጉ። ግድግዳው ነጭ ወይም ፈዛዛ ይሁን፤ ጥቁር እንጨት በጥቁር ግድግዳ ላይ ይሰወራል።

ግድግዳ ማስጌጥን መማር የፈለገ የሐረርን ባህላዊ ቤት ይመልከት። ሐረሪዎች ስፌቶቻቸውን፣ የእንጨት ገበታዎቻቸውንና ሳህኖቻቸውን ግድግዳ ሙሉ አድርገው ይሰቅላሉ፤ ነገሩ የተዝረከረከ የማይመስለው ተራ ጠብቆ፣ ተጠጋግቶ፣ ትልቁና ትንሹ ተመጣጥኖ ስለሚሰቀል ነው። እናንተም አምስት ስፌት ካላችሁ በአምስት ግድግዳ አትበትኗቸው። መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድሯቸው፣ ፎቶ አንሱ፣ አቀያይሩ፤ ደስ ሲላችሁ ወደ ግድግዳ አውጡ። የስብስቡ መሐል ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ቢል ለቆመም ለተቀመጠም ዓይን ይስማማል። በፀሐይ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ግን አትስቀሉ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙው ውስጡ ክፍት ብሎኬት ስለሆነ ምስማር ስትመቱ ይፈረፈራል። በድሪል በስታችሁ ፊሸር አስገቡ፣ ብሎን እሰሩበት።

የድሮ መስታወት ጥቁር ነጠብጣብ ቢኖረውም መስኮት አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ይዋል፤ ጠባብ ክፍል ብርሃን ያገኛል። ከጣሪያው አንድ ነጭ አምፖል ይልቅ ሁለት ሦስት ዝቅ ያሉ መብራቶች፣ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ያላቸው፣ ለእንጨትና ለስፌት ይስማማሉ። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚለውን ፈልጉ።

ቤታችን ቡና የሚፈላበት፣ እንግዳ በድንገት የሚመጣበት ቤት መሆኑንም አትርሱ። ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት፣ ረከቦቱ የሚያርፍበት፣ የምታፈላው ሰው ተመቻችታ የምትቀመጥበት ባዶ ወለል አስቀሩ። የከሰል ማንደጃው ከባናውና ከተሰቀለው ጥልፍ ይራቅ። በርጩማዎቹን ከጠረጴዛ ሥር ብታስገቧቸው እንግዳ ሲበዛ ይወጣሉ።

ሁሉ ነገር አሮጌ መሆን የለበትም። ፍራሽ፣ የሕፃን አልጋ፣ የጋዝ ቱቦና የኤሌክትሪክ ምድጃ በአዲስ ይገዛ፤ በእነዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ረጅም ቁምሳጥንና መደርደሪያ ደግሞ ልጅ ቢንጠለጠልበት እንዳይወድቅ ከላይ በብረት ማያያዣ ከግድግዳው ጋር እሰሩት።

ለጀማሪ ከሁሉ የማስቀድመው ጠረጴዛ ነው። መጋጠሚያው ቀላል ነው፣ ትኋን ብዙ አይደበቅበትም፣ ጉድለቱም በግልጽ ይታያል፤ ቢበላሽ እንኳ ጣውላው ለሌላ ይውላል። አንዱን አጽድታችሁ፣ ጠግናችሁ፣ በላዩ ምሳ ከበላችሁ በኋላ ሁለተኛውን ፈልጉ።